ስንት ኪሎ ይጨምራል? «ያለ ሰፕልመንት ጂም ድካም ብቻ ነው» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ሰሞኑን ጂም የሚሠሩ ሰዎች እየተቀባበሉ የሚያነቡት ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። «ያለ ሰፕልመንት ጂም ድካም ብቻ ነው» ይላል ርእሱ። መከራከሪያው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሻምፒዮኖቹ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ፣ በደንብ ያርፋሉ፣ ምግባቸውን የሚመዝንላቸው ሰው አላቸው። ተራው ሰው ግን ከሥራ ወጥቶ፣ ደክሞት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ቢገባ ነው። ስለዚህ ሰፕልመንት ከሻምፒዮኑ ይልቅ ለሱ ያስፈልገዋል፤ ጉድለቱን በዱቄትና በክኒን ይሙላ። ከዚያ ዝርዝሩ ይከተላል፦ ፕሮቲን ፓውደር፣ ክሬቲን፣ ፕሪ ዎርካውት (ከሥልጠና በፊት የሚጠጣ ማነቃቂያ)፣ ቢሲኤኤ፣ ግሉታሚን፣ ቴስቶስትሮን መጨመሪያ፣ ስብ ማቅለጫ። ሁሉም ላይ «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚል ማኅተም ተመቶበታል።

እውነቱን ለመናገር ጽሑፉ ሸጋ ነው፤ አንብቤ ስጨርስ እኔም ተነስቼ ብረት ማንሳት አምሮኝ ነበር። ከዘረዘሯቸው ውስጥ በትክክል የሚሠራም አለ። የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ከላይ እስከ ታች «ይሠራል፣ ይሠራል» ይላል እንጂ ምን ያህል እንደሚሠራ አንድም ቦታ አይናገርም። ኪሱን አይቶ፣ ሰዓቱን አብቃቅቶ ጂም ለሚገባ ሰው ደግሞ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ክሬቲን እወስዳለሁ፤ ፕሮቲን ፓውደርም ከጓዳዬ አይጠፋም። ስለዚህ የሰፕልመንት ጠላት አድርጋችሁ አትዩኝ። በቀጥታ ወደ ነጥቦቹ።

«ያለ ፕሮቲን ፓውደር ጡንቻ አይገነባም»

ጡንቻ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ በዚህ ጠብ የለንም። ጥያቄው ከምግብ በላይ የሚጨመረው ዱቄት ምን ይለውጣል ነው። ይህ ደግሞ ተለክቷል። በ2018 ብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ስፖርትስ ሜዲስን ላይ የወጣ አንድ ትንተና 49 ጥናቶችንና 1,863 ሰዎችን አንድ ላይ አሰባስቦ አይቷል። ሁሉም ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ክብደት እያነሱ ሠርተዋል። ከፊሎቹ ተጨማሪ ፕሮቲን ወስደዋል፣ ከፊሎቹ አልወሰዱም።

ውጤቱን ረጋ ብላችሁ አንብቡት። በሥልጠናው ብቻ የተገኘው ስብ ያልሆነ የሰውነት ክብደት በአማካይ 1.1 ኪሎ ገደማ ነው። ፕሮቲኑ በዚያ ላይ 0.3 ኪሎ ጨመረ። ሦስት መቶ ግራም! ጉልበቱም እንደዚያው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ማንሳት የሚቻለው ትልቁ ክብደት በሥልጠናው ብቻ 27 ኪሎ ገደማ ሲያድግ፣ ፕሮቲኑ 2.5 ኪሎ ገደማ ደረበበት።

ሦስት መቶ ግራም ከ1.1 ኪሎ ጋር ሲሰላ 27 በመቶ ይመጣል። ሻጭ ከሁለቱ የትኛውን ቁጥር ቆርቆሮው ላይ እንደሚጽፍ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ሁለቱም እውነት ናቸው። መስታወት ፊት ስትቆሙ የምታዩት ግን ሦስት መቶ ግራሙን ነው፤ እሱንም ካያችሁት።

እዚያው ትንተና ውስጥ ለጸሐፊው ዋና መከራከሪያ የማይመች ሌላ ነገር አለ። ተጨማሪ ፕሮቲን ይበልጥ የጠቀመው ከዚህ በፊት ክብደት ሲያነሱ የቆዩ ሰዎችን ነው። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድም ጥቅሙ እየቀነሰ ታይቷል። «ከሻምፒዮኑ ይልቅ ለተራው ሰው ያስፈልገዋል» ያሉት ነገር ተገልብጦ ተገኘ ማለት ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ጀማሪ ብረት በመንካቱ ብቻ ሰውነቱ ይለወጣል፤ ያን ለውጥ ለማግኘት የሚበቃ ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ምግቡ ውስጥ አለ። ዓመታት የሠራው ሰው ግን ቀላሉን ለውጥ አግኝቶ ጨርሶታል፤ ለቀረችው ጥቂት እያንዳንዷን ነገር መቆንጠር አለበት።

ታዲያ ስንት ይበቃል? በዚሁ ትንተና በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም አካባቢ ከተደረሰ በኋላ ተጨማሪው ለውጥ አያመጣም። ለ70 ኪሎ ሰው 112 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ መቶ ግራም የበሰለ የዶሮ ደረት 30፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ገደማ። የአንድ ቀን ምግባችሁን ወረቀት ላይ ደምሩት። ከሞላ ዱቄቱ ትርፍ ነው። ካልሞላ አንድ ማንኪያ ዌይ ከ20 እስከ 25 ግራም ይሰጣል፤ ማብሰል የለበትም፣ ሥራ ቦታም ይጠጣል። እኔ የምወስደው ለዚህ ነው፤ ጠዋት ላይ ለመብላት ሰነፍ ነኝ። ዌይ ማለት አይብ ሲወጣ የሚቀረው አጓት ተጣርቶና ደርቆ ነው። ምግብ ነው በቃ።

ጸሐፊው ግን ሰዓትም አብጅተውለታል። ከሥልጠና በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠጣችሁ ዕድሉ አመለጠ ይላሉ። ይህን አምኖ የሚሠቃይ ልጅ የማይገኝበት ጂም የለም። የመጨረሻውን ዙር ጨርሶ ወደ መልበሻ ክፍል ይሮጣል። ላቡ አልደረቀም፣ ጫማው አልተፈታም። ሼከሩን በሁለት እጁ ይዞ ይነቀንቃል፤ ሰዓቱን ያያል፤ እንደገና ይነቀንቃል። ዱቄቱ ገና እንደጓጎለ አንገቱን ቀና አድርጎ ይጨልጠዋል፤ ጓሉን ያኝከዋል። ለምን እንደቸኮለ ብትጠይቁት ጡንቻው እየተበላ ነው ይላችኋል።

በ2013 የወጣ ትንተና ይህን የሰዓት ነገር ለይቶ መርምሮታል። በቀን የተበላው ጠቅላላ ፕሮቲን ሲስተካከል የሰዓቱ ጥቅም ጠፋ። «ሰውነት በአንዴ ከ30 ግራም በላይ አይጠቀምም» የሚለውም ቢሆን፣ በ2023 ከኔዘርላንድስ የወጣ ጥናት አናግቶታል፤ 100 ግራም በአንዴ የጠጡ ሰዎች ሰውነት ከ12 ሰዓት በላይ ሲጠቀምበት ታይቷል። ልጁ ጫማውን ይፍታ፣ ሻወሩን ይውሰድ፣ ቤቱ ገብቶ ራቱን ይብላ።

ማስ ጌይነር ስለሚባለው ክብደት መጨመሪያ ዱቄት አንድ መስመር ብቻ፦ አብዛኛው ማልቶዴክስትሪን የሚባል ርካሽ ስታርች ነው፤ በፕሮቲን ስም ካሎሪ ትገዛላችሁ።

«ክሬቲን ጉልበትና ጡንቻ ይጨምራል»

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ከዝርዝሩ ሁሉ ተፈትኖ የቆመ አንድ ነገር ምረጥ ብባል ክሬቲንን እመርጣለሁ። አሠራሩም ግልጽ ነው። ጡንቻ ለጥቂት ሰከንድ ከባድ ነገር ሲያነሳ የሚጠቀመው ኤቲፒ የሚባለውን የኃይል ምንጭ ነው። እሱ ቶሎ ያልቃል። ፎስፎክሬቲን የሚባል መጠባበቂያ መልሶ ይሞላዋል። መጠባበቂያው ሲበረክት ስምንት ጊዜ ያነሳችሁትን ዘጠኝ ታነሳላችሁ። ያቺ አንዷ ትርፍ ወራት ሲደመርባት ነው ጡንቻ የምትሆነው። ዘጠነኛዋን ለማያነሳ ሰው ክሬቲን ነጭ ዱቄት ነው።

ሰውነታችን ራሱ በቀን 1 ግራም ያህል ይሠራል፤ ከሥጋና ከዓሣም እናገኛለን። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻ ውስጥ መጠኑ ስለሚያንስ ለውጡ ይበልጥ ይታወቃቸዋል። ከመጀመሪያው ሞልቶ ለተገኘ ሰው ደግሞ ምንም ላይሰማው ይችላል።

ጸሐፊው የሚያበላሹት ዝርዝሩ ላይ ነው። «በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ጡንቻ» ይላሉ። ውሃ ነው። ክሬቲን ውሃ ይዞ ወደ ጡንቻ ይገባል፤ ሚዛኑ ከፍ የሚለው በዚያ ነው። በሳምንት ሁለት ኪሎ ጡንቻ ቢገባ ኖሮ ሁላችንም በዓመቱ በበር መግባት ያቅተን ነበር።

የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን 20 ግራም መውሰድ ግዴታ ነው ያሉትም አይደለም። ያ ጡንቻውን በአምስት በስድስት ቀን ይሞላል። በ1996 የወጣ ጥናት በቀን 3 ግራም ብቻ የወሰዱ ሰዎች ከ28 ቀን በኋላ እዚያው ደረጃ መድረሳቸውን አሳይቷል። የሚቸኩል ሰው ሆዱን እያመመው ይቸኩል። ውድ የሆኑት አዳዲስ ዓይነቶችም ከተለመደው ሞኖሃይድሬት ሲበልጡ አልታዩም። ከመደርደሪያው ላይ በጣም ተራ የሚመስለውን አንሱ።

ጸሐፊው ያላነሱት ግን ሰው ሁሌ የሚጠይቀው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ኩላሊት ነው። ክሬቲን የሚወስድ ሰው ደም ሲመረመር ክሪያቲኒን የሚባለው መለኪያ ከፍ ሊል ይችላል። ሐኪም የኩላሊት ሥራን የሚገምተው በዚሁ ስለሆነ፣ እንደምትወስዱ ካልነገራችሁት በከንቱ ያስደነግጣችኋል። ጤነኛ ኩላሊት ላይ በተለመደው መጠን ጉዳት አልታየም፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ። ሁለተኛው ፀጉር ነው። ክሬቲን ፀጉር ያረግፋል የሚለው ወሬ የተነሳው በ2009 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በራግቢ ተጫዋቾች ላይ ከተሠራ ትንሽ ጥናት ነው። ከፀጉር መርገፍ ጋር የሚያያዘው ዲኤችቲ የሚባል ሆርሞን ጨመረ ተባለ እንጂ የማንንም ፀጉር የቆጠረ አልነበረም።

«ፕሪ ዎርካውት የደከመውን ያነቃል»

ያነቃል። ቡናም ያነቃል።

እስቲ አንዱን ቆርቆሮ አንሱና አዙሩት። ከፊት ለፊቱ መብረቅ፣ የራስ ቅል፣ የሚጮህ ጎሪላ። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል፦ ካፌይን፣ ቤታ አላኒን፣ ሲትሩሊን፣ ታውሪን፣ ከዚያ ደግሞ አንድ የሚያስፈራ ስም የተሰጠው «ድብልቅ»። ድብልቁ በጠቅላላው ስንት ግራም እንደሆነ ተጽፏል። ውስጡ ያሉት ሰባት ስምንት ነገሮች እያንዳንዳቸው ስንት እንደሆኑ ግን የለም። አንዱ ሙሉ፣ የቀሩት ለስም ብቻ ቆንጠር ተደርገው ቢገቡ የምታውቁበት መንገድ የላችሁም።

ዋናው ሠራተኛ ካፌይን ነው። በኪሎ ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ሲወሰድ አቅም እንደሚጨምር በደንብ ተጠንቷል። ለ70 ኪሎ ሰው ከ210 ሚሊግራም ይጀምራል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ደግሞ ለጤነኛ አዋቂ በአንዴ እስከ 200፣ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም አያሳስብም ብሏል። ጠዋትና ከምሳ በኋላ ቡና ጠጥቶ አመሻሽ ላይ ሁለት ማንኪያ ፕሪ ዎርካውት የሚደርብ ሰው ይህን ጣሪያ ሳያውቀው ያልፈዋል።

ጸሐፊው የረሱት ትልቁ ነገር ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ተራው ሰው ከሥራ በኋላ ነው ጂም የሚገባው ብለዋል፤ ልክ ናቸው። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አመሻሽ ላይ የተወሰደው፣ መኝታ ላይ ግማሹ ደም ውስጥ ነው። እንቅልፉ ይቆራረጣል። በማግስቱ ይደክመዋል። ስለደከመው እንደገና ይወስዳል። ደክሞታል ብለው ያዘኑለትን ሰው ሌላ ድካም ሸለሙት።

ፊትንና እጅን የሚወረው ስሜት «እየሠራ መሆኑን ያሳያል» የተባለውም ስሕተት ነው። እሱ ቤታ አላኒን ነው። ቤታ አላኒን የሚጠቅመው በየቀኑ ከ3 እስከ 6 ግራም ለአራት ሳምንት ያህል ሲወሰድ ነው፤ ያውም ከአንድ እስከ አራት ደቂቃ በሚቆይ ከባድ ሥራ ላይ። ስምንት ጊዜ የሚነሳ ቤንች ፕሬስ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የሚወረው ቆዳችሁን ነው።

«ቢሲኤኤና ግሉታሚን ለማገገም»

ቢሲኤኤ ማለት ሉሲን፣ አይሶሉሲንና ቫሊን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መሥሪያዎች ናቸው። ሰውነት ከምግብ የግድ ማግኘት ያለበት ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ነው፤ እነዚህ ከዘጠኙ ሦስቱ ናቸው። ሉሲን ግንባታውን ይቀሰቅሳል፤ ይህ እውነት ነው። የቀሩት ስድስቱ ከሌሉ ግን የተቀሰቀሰው ነገር አይቀጥልም። ሚስማር ብቻ ገዝቶ ቤት እሠራለሁ እንደማለት ነው። በቂ ፕሮቲን የሚበላ ሰው ደግሞ ሦስቱንም ከነጓደኞቻቸው አግኝቷቸዋል። ዌይ የሚጠጣ ሰው በላዩ ላይ ቢሲኤኤ ሲገዛ አንድ ነገር ሁለቴ ከፈለ።

ግሉታሚን ከዚህም ያንሳል። በ2001 በወጣ ጥናት ወጣቶች ለስድስት ሳምንት በብዛት እየወሰዱ ክብደት አንስተዋል፤ ካልወሰዱት ጋር በጉልበትም በጡንቻም ልዩነት አልታየም። አብዛኛውን አንጀትና ጉበት ይጠቀሙበታል፤ ጡንቻ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ይለፈን።

«ቴስቶስትሮን የሚጨምሩ የተፈጥሮ ክኒኖች»

ከዝርዝሩ ሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የሚሸጠው ለወንድነት ስጋት ነው። ትሪቡለስ የሚባለው ተክል በ2007 በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት በራግቢ ሊግ ተጫዋቾች ላይ ለአምስት ሳምንት ተሞክሯል። ጉልበት የለ፣ ጡንቻ የለ፣ ቴስቶስትሮንም አልተነቃነቀም። ዲ አስፓርቲክ አሲድ የሚባለው የባሰ ታሪክ አለው። በ2013 በቀን 3 ግራም ለ28 ቀን ሲሞከር ምንም አላመጣም። በ2015 ሥልጠና ባላቸው ወንዶች ላይ 6 ግራም ሲሞከር ቴስቶስትሮናቸው ቀነሰ። ገንዘብ ከፍሎ መቀነስ!

ዚኤምኤ የሚባለውን የዚንክና የማግኒዚየም ድብልቅ ጸሐፊው በተለይ አወድሰውታል። ዝናው የመጣው በ2000 ከወጣ አንድ ጥናት ነው። ከሁለቱ አጥኚዎች አንዱ ቪክተር ኮንቴ ነበር፤ ምርቱን ይሸጥ የነበረውም እሱ ራሱ ነው። ይኸው ሰው በ2005፣ ለአትሌቶች የተከለከለ መድኃኒት በቀረበበት የባልኮ ቅሌት፣ ስቴሮይድ በማከፋፈል ጥፋተኛነቱን አምኖ ታስሯል። በኋላ ከሱ ውጪ የተሠራ ጥናት ሥልጠና ባላቸው ሰዎች ላይ ጥቅም አላገኘም። ዚንክ የጎደለው ሰው ዚንክ ይጠቅመዋል፤ ያልጎደለውን ምን ሊያደርገው?

«ሻምፒዮኖቹ ሁሉ ይወስዳሉ»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ።

ቆርቆሮው ላይ ፎቶው ያለው ሰው ዱቄቱን ይወስድ ይሆናል። ጥያቄው ከዱቄቱ ሌላ ምን ይወስዳል ነው። የማንንም ስም ማጥፋት አልፈልግም፤ ግን አንድ ጥናት ላስታውስ። በ1996 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ ነው። 43 ወንዶች በአራት ቡድን ተከፈሉ። ከፊሎቹ በሳምንት 600 ሚሊግራም ቴስቶስትሮን ተወጉ፣ የቀሩት ባዶ መርፌ። ከሁለቱም ወገን ግማሾቹ ብረት አነሱ፣ ግማሾቹ አላነሱም። ዐሥር ሳምንት አለፈ። ያለ ሆርሞን ብረት ያነሱት 1.9 ኪሎ ስብ ያልሆነ ክብደት ጨመሩ። ሆርሞን ተወግተው ምንም ሳይሠሩ የተቀመጡት 3.2 ኪሎ። ሁለቱንም ያደረጉት 6.1 ኪሎ።

መሃከለኛውን ቁጥር እዩት። ቁጭ ያለው የሠራውን በለጠው። ከዚህ በኋላ የፎቶውን ሰው ክንድ አይቶ «የግሉታሚን ሥራ ነው» ማለት ከባድ ነው። በሕግም በጤናም አደገኛ የሆነው መርፌ የሠራውን፣ ጎኑ የተቀመጠው ዱቄት ስሙን ይወስዳል። ማንንም ወደ መርፌው እየመራሁ አይደለም፤ ልብን፣ የዘር ፍሬንና የራስን ሆርሞን የሚያበላሽ ነገር ነው። የምለው ንጽጽሩ ከጅምሩ እኩል አይደለም ነው።

«እኔ ራሴ ወስጄ ለውጡን አይቻለሁ»

ጸሐፊው ሐቀኛ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ለውጡን አይተዋል። ግን በዚያ ወቅት ምን ምን አደረጉ? ራሳቸው እንደጻፉት አዲስ ፕሮግራም ጀመሩ፣ ምግባቸውን መመዝገብ ጀመሩ፣ ማምሸት ተዉ፣ ቆርቆሮዎቹንም ገዙ። አራት ነገር ባንድ ላይ ቀይረው ምስጋናው ለአራተኛው ሆነ። ውድ ነገር የገዛ ሰው ደግሞ ጂም አይቀርም፤ ገንዘቡ ያሳስበዋል። ይህ ራሱ ይጠቅማል፤ ግን የክኒኑ ኬሚካል ሥራ አይደለም።

እምነትም ቀላል ነገር አይደለም። በ1972 አሜሪካ ውስጥ ልምድ ያላቸው ጥቂት ክብደት አንሺዎች ዲያናቦል የሚባል ስቴሮይድ እየወሰዳችሁ ነው ተባሉ። የተሰጣቸው ምንም የሌለበት ክኒን ነበር። ጉልበታቸው ክኒኑን ከመጀመራቸው በፊት ከነበረው በጣም ፈጥኖ አደገ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የጡንቻ ዓለም ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተለወጠም። ስለዚህ አንድ ሰው «እኔ ላይ ሠርቷል» ሲለኝ ውሸታም ነው አልልም። ምን እንደሠራ ግን እሱም እኔም አናውቅም። ባዶ ክኒን የያዘ ቡድን ጥናት ውስጥ የሚገባው ለዚሁ ነው።

«ሞክሩት፤ ካልሠራ ምን ትጎዳላችሁ?»

የመጨረሻው ነጥባቸው ይህ ነው፤ ይህን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

ሰፕልመንት መድኃኒት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት አምራቹ ምርቱ እንደሚሠራ ከመሸጡ በፊት ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሰው ከታመመ በኋላ ነው። ከ2007 እስከ 2016 ብቻ ይኸው መሥሪያ ቤት ያልተጻፈ መድኃኒት የተቀላቀለባቸው 776 ሰፕልመንቶች መዝግቧል። ከነዚህ ውስጥ 40.9 በመቶው ክብደት መቀነሻ፣ 11.9 በመቶው ጡንቻ መገንቢያ ተብለው የሚሸጡ ነበሩ። ጡንቻ መገንቢያ ከተባሉት በአብዛኞቹ ውስጥ የተገኘው ሰው ሠራሽ ስቴሮይድ ወይም የሱ ዘመድ ነው። ከዚያ በፊት በ2004 የወጣ የኮሎኝ ላቦራቶሪ ሥራ ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 634 ምርቶችን መርምሮ፣ 94ቱ ውስጥ መለያቸው ላይ ያልተጻፈ የሆርሞን ዘር አግኝቷል። «የተፈጥሮ» የተባለ ክኒን ውጦ የሠራለት ሰው ካለ፣ ለምን እንደሠራለት ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ስብ ማቅለጫዎቹ ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። ኤፌድራ ያለባቸው በልብና በደም ግፊት ጠንቅ በ2004 አሜሪካ ውስጥ ታገዱ። በ2013 ኦክሲኤሊት ፕሮ የተባለው ምርት ሃዋይ ውስጥ ከብዙ ሰዎች የጉበት ሕመም ጋር ተያይዞ ከገበያ ተሰበሰበ። ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ ካፌይንና የተጨመቀ አረንጓዴ ሻይ ናቸው። የሚያቀልጡት ስብ ኢምንት ነው፤ የአረንጓዴ ሻዩ ጭማቂ በብዛት ሲወሰድ ጉበት እንደሚጎዳ ግን ይታወቃል። ጸሐፊው ይህን ክኒን በባዶ ሆድ ውሰዱት ማለታቸው አሳስቦኛል። የጉበቱን አደጋ የሚያብሰው በባዶ ሆድ መውሰዱ ነው።

ፕሮቲኑም ቢሆን ከማጭበርበር አያመልጥም። የፕሮቲን መጠን ብዙ ጊዜ የሚገመተው ናይትሮጅን በመለካት ነው። ግላይሲን የመሰለ ርካሽ አሚኖ አሲድ ቢጨመርበት ናይትሮጅኑ ከፍ ይላል፤ ወረቀቱ ላይ ፕሮቲኑ የበዛ ይመስላል፤ ጡንቻ ግን አይሠራም። የተጨማሪዎቹ ዝርዝር ላይ ግላይሲን ወይም ታውሪን ለብቻው ከተጻፈበት ፕሮቲን እራቁ።

ለሚገዛ ሰው የምመክረው አንድ ነገር ነው። ኤንኤስኤፍ ሰርቲፋይድ ፎር ስፖርት ወይም ኢንፎርምድ ስፖርት የሚል ምልክት ፈልጉ። እነዚህ ከአምራቹ ውጪ የሆኑ መርማሪዎች ናቸው፤ የተከለከለ ነገር እንዳይገባበት ይመረምራሉ። የልብ፣ የግፊት፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ምልክቱ ቢኖርም ሐኪም ሳይጠይቁ አይንኩት። ምልክቱ የሚናገረው ደግሞ ስለ ንጽሕናው ብቻ ነው። ምልክት ያለው ግሉታሚን ንጹሕ ግሉታሚን ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።